ቀሪ የሌለው ማካፈል

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

ዛሬ ዝናቡ ሲያባራ ሦስቱን ልጆቼን ግቢ አውጥቼ ማካፈልን በሩጫ አስተማርኳቸው። እነሱ እየዞሩ ይሮጣሉ፤ እኔ ቁጥር ስጠራ በዚያ ቁጥር ልክ ተያይዘው ይቆማሉ። የተረፈው «ቀሪ» ተብሎ አጥሩ ጋ ይሄዳል። ደብተር ሲያዩ የሚያዛጉት ልጆች ደስ ብሏቸው ሮጡ።

«ሁለት» ብዬ ጠራሁ። ናሆምና ሊያ ተያያዙ። የአምስት ዓመቷ ማርታ ግን አጥሩ ጋ አልሄደችም። አንድ እጇን ወደ ጎን ዘርግታ ቆመች፤ ጣቶቿ የሆነ ነገር እንደጨበጡ ታጥፈዋል።

«ማርቲ፣ ቀሪዋ አንቺ ነሽ» አልኳት።

«ቀሪ የለም እማዬ። ሁለት ሁለት ነን።»

ቀልዷን መስሎኝ «ሦስት» አልኩ። ሦስቱም ተቃቀፉ። ማርታ ወደ አጥሩ ዞር ብላ አየችና «ቶኮ ሀፌ» አለች። አንድ ቀረ ማለቷ ነው። እኛ ቤት ኦሮምኛ የሚናገር የለም። ቡራዩ ከገባን ገና ሦስት ሳምንታችን ነው፤ በዝናቡ ምክንያት ልጅቷ ከግቢ ወጥታ አታውቅም።

«ማን አስተማረሽ?» ስላት በአገጯ አጥሩን አሳየችኝ። እዚያ ማንም የለም።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። የሚያናድደኝ ሒሳቧ ትክክል መሆኑ ነው። አራት ለሁለት ሲካፈል ቀሪ የለውም፤ ለሦስት ሲካፈል ግን አንድ ይተርፋል።

ናሆም «እማዬ፣ አሁን አራት በይ» አለኝ። ልጠራ አፌን ከፍቼ ተውኩት።

«በቃ፣ ግቡ» አልኩና በሩ ጋ ቆሜ ቆጠርኳቸው። ሦስት ናቸው። ማርታ ግን እሷ ከገባች በኋላም በሩን ወዲያው አልዘጋችም። ከፍታ ይዛ ጠበቀች።