አበባው ከረገፈ በኋላ

ለውድ እታለሜ፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽና ልጆችሽ ደህና ናቸው ወይ? እኛ እንደምንም አለን። ለእማዬ ክፍል አዘጋጅተሽ እንደምትጠብቂ አውቃለሁ። አትመጣም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ አበደ እንዳትይኝ ብቻ።

ይኸውልሽ፣ የእጽዋት መዝገበ ቃላት ስተረጉም «አክረሰንት» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ገጠመኝ። አበባው ከረገፈ በኋላም ማደጉን ለማያቆም የተክል ክፍል የሚባል ነው። ለአበባው ግን አይባልም፤ ከሥሩ ለቀረችው ሽፋን ብቻ ነው። ያ ነገረኛ አለቃዬ፣ ማንም የሚያውቀው ምሳሌ ካልጨመርክበት አልቀበልህም አለኝ። ምሳሌ ፍለጋ ቀና ስል በሩ ጀርባ የተሰቀለውን የታናሽ እህታችንን የሚጡን ዩኒፎርም አየሁ።

እማዬ ስትሰፋው፣ ልጅ ታድጋለች ብላ ከታች ሰፊ እጥፋት እንደተወችለት ታስታውሻለሽ። ታናሻችንን ከቀበርን ወዲህ ትምህርት በተከፈተ ቁጥር እጥፋቱ ጥቂት ይፈታል፣ ቀሚሱም ይረዝማል። እማዬ ናት ብዬ፣ ሐዘኗን ላለመቀስቀስ አንድም ቀን አልጠየቅኳትም። ዘንድሮ እጥፋቱ አለቀ። እንግዲህ ምን ልታደርጊ ነው አልኳት። የስፌት መኪናዋን አቁማ ትክ ብላ አየችኝ። እኔን ለማጽናናት የምታስረዝመው አንተ መስለኸኝ አይደል እንዴ ዝም ያልኩህ፣ አለችኝ። እኔ እንኳን ልሰፋ፣ መርፌ ላይ ክር ማስገባት እንደማልችል ታውቂያለሽ። ፈራሁ፣ እታለሜ።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ጀርባ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሎ ያገኘነው ያንቺ ዩኒፎርም ነው፤ ቁምሳጥን ውስጥ ትተሽው የሄድሽው። ከታች ታጥፎ እንዲያጥር ተደርጓል። ስፌቱ የተንጋደደ ነው፣ የልጅ እጅ። ወደ ውስጥ የታጠፈው ጨርቅ ግን ገና ለብዙ ዓመት ይበቃል።

እማዬ የዚያኑ ቀን ሻንጣዋን ፈታችው። እኔ ከሄድኩ ልጅቷን ለማን እተዋታለሁ፣ አለች። ልከራከራት ነበር፤ ፊቷ ላይ ያለውን ደስታ ሳይ ግን ባዶውን ሻንጣ ወደ ቦታው መለስኩት። እኔም ቤት ልቀይር ያልኩትን ትቼዋለሁ። ለቃሉ ምሳሌ እስካሁን አልጻፍኩም።

እቃ ስትልኪ ሰማያዊ ጨርቅ ጨምሪልን። በራስሽ ቁመት ለኪው፤ ከዚያ ትንሽ አትርፊበት።

ቤትሽ ሰላም ይሁን። ልጆችሽን ያሳድግልሽ።

ሦስታችንም ናፍቀንሻል።

ታናሽ ወንድምሽ