ዘይት የማይከፍተው ጓጉንቸር

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ብርድ ሲነካው የሚነሣብህ ጉልበትህ ተሻለው? ባለቤትህስ፣ የፈረቃው ሥራ አላደከማትም? ልጅቷስ ጥርስ አበቀለች ወይስ አሁንም በድዷ ነው የምትስቀው? እኛ ጤና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። የእማዬም ደም ግፊት ረገብ ብሏል። ሰላም ነን ብዬ ልጽፍልህ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ከማንበብህ በፊት የፖስታውን ጀርባ ገልብጠህ እይ። መዝጊያው ላይ በሰያፍ ፈርሜበታለሁ። ፊርማዬ መሃል ለመሃል ካልገጠመ፣ ከአንተ በፊት ያነበበው ሰው አለ ማለት ነው። አትሳቅ።

አባባ ያረፈ ጊዜ የሥራ ክፍሉን በሁላችን ፊት በጓጉንቸር የቆለፍከው አንተ ነህ። ያለችውንም አንድ ቁልፍ ይዘህ ሄድክ። አንተ እስክትመለስ ማንም ደፉን እንዳይረግጥ አጥብቀው ያሳሰቡት አጎታችን ነበሩ። የቤቱ ሰነድ እዚያ መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ከእኛ ሌላ የሚያውቁትም እሳቸው ብቻ ናቸው። አንቱታውን እስካሁን ያልተውኩት ለአባባ ስል ነው።

ባለፈው ወር እንደ ልማዴ አሮጌ ብረት ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። አመሌን ታውቀዋለህ፤ ቁልፍ የጠፋባቸውን ጓጉንቸሮች እለቃቅማለሁ፣ ከየት እንደወጡ ከቅርጻቸውና ከቁጥራቸው እለያለሁ፣ ሆዳቸውን ፈትቼ አዲስ ቁልፍ አበጅላቸዋለሁ። አሁን አርባ ደርሰዋል። እማዬ «መንጋሽን አስገቢ» ትለኛለች። እና ያን ቀን ከዝገቱ ክምር መሃል የአባባን ሞርሳ፣ ያን ሲሞርድ ብረት ነክሶ የሚይዝለትን፣ አየሁት። ልጅ ሆነህ በመዶሻ የሸረፍከው መንጋጋው እንዳለ አለ። ማን እንዳመጣው ብጠይቅ፣ ሻጩ «እኔ ብረት እንጂ ስም አልገዛም» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ።

ሮጬ መጥቼ ለእማዬ ተናገርኩ። ጥፋቴ ይኸው ነው። አጎታችን በሁለተኛው ቀን ዘመድ ሰብስበው፣ በሩ እንደተቆለፈ ዕቃ ከወጣ ማን ሊያወጣው ይችላል ብለው ጠየቁ፤ መልሱንም ራሳቸው ሰጡ። «ቁልፍ የምትሠራ ልጅ እቤት ቁጭ ብላ ሌባ ከውጭ እንፈልጋለን? ያን ሁሉ ዓመት የተማረችው ለዚህ ኖሯል?» አሉ። ሞርሳው የት እንዳለ ማወቄ ራሱ ማስረጃ ሆነብኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እማዬ የሣጥኗን ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ አስራለች። አንቺን ብዬ አይደለም እያለች ትምላለች። በአጠገቤ ስታልፍ ግን በእጇ ትይዘዋለች።

አላለቀስኩም። ደብተሬን አወጣሁ። በቤታችን ያለ ጓጉንቸር ሁሉ ከሥሩ የተመታው ቁጥርና የቁልፉ ጥርሶች ልክ እዚያ ተጽፏል፤ የአንተንም ከመሄድህ በፊት ለክቼው ነበር። በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ቀና አድርጌ ቁጥሩን ሳየው ሌላ ነው። ያው ዓይነት፣ ያው መጠን፣ የአንድ ሱቅ መንትያ። የአንተ ቁልፍ ቢመጣ ይገባበታል እንጂ አይዞርም። የእኛን በመጋዝ ቆርጦ ይህን የሰቀለ ሰው አለ፤ ቁልፉም ኪሱ ውስጥ ነው።

ወዲያው ሄጄ በአጎታችን ፊት ልጮህ ተነሣሁና ቆምኩ። «ወንድምሽ ፈቅዶልኝ ነው» ቢሉኝስ? ከአንተ ጋር በስልክ እንደምትነጋገሩ ሰምቻለሁ። ስለ ምን እንደሆነ አንተም አልነገርከኝም።

ስለዚህ ከፊት ለፊታችን ያለችውን ልብስ ሰፊ ለምስክርነት ጠራኋት፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ። ጥርስ ያልወጣለት ቁልፍ አስገብቼ ጫን አድርጌ አዞርኩ። ሳወጣው፣ ውስጥ ያሉት የናስ ፍሬዎች የነከሱት ቦታ ላይ ነጥብ ይታያል፤ እዚያች ላይ ሞረድ አሳርፎ እንደገና ማስገባት ነው። ልብስ ሰፊዋ «ይሄማ ቀሚስ ማስለካት ነው» አለችኝ። ሁለት ሰዓት ፈጀና ተከፈተ። እኔ ደፉን አልረገጥኩም። እሷ ገብታ አየች። የሞርሳው ቦታ ባዶ ነው። የመሳቢያው ጠርዝ በብረት ተቧጥጧል፣ ግን አልተከፈተም። አባባ ለራሱ ሲሠራ ብረት አይሰስትም ነበር።

ከዚያ የጓጉንቸሩን ሆድ አውጥቼ ፍሬዎቹን አራገፍኩና በአንተ ቁልፍ ልክ ደረደርኳቸው። መልሼም ቆለፍኩት። መክፈቻ ያደረግኩት ቁልፍ አሁን ምንም አይከፍትም፤ ለምስክርነት ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ተቀምጧል።

እሑድ አጎታችን መጡ። የሥራ ክፍሉ ጣሪያ ያፈሳል መሰለኝ፣ ልየው ብለው ወደ ጓሮ ዞሩ። እኔ ልብስ አሰጣ ነበር። ከአንሶላው ጀርባ ሆኜ ቁልፍ ሲያስገቡ፣ ሲያዞሩ፣ ሲያወጡ፣ በጥርሳቸው መሃል ሲሳደቡ ሰማኋቸው። ብዙ ቆይተው ላባቸውን እየጠረጉ ወደ እኔ መጡና፣ የግቢያቸው በር ዝጎ እንዳስቸገራቸው፣ ጠብታ የመኪና ዘይት እንዳለኝ ጠየቁኝ። ጠርሙሱን እንዳለ ሰጠኋቸው።

«የትኛው በር እንደሆነ ሲከፈትልዎ ይንገሩኝ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ጠርሙሱን ይዘው ሄዱ። በማግስቱ እኛ ገበያ ስንወጣ ተመልሰው መጥተው ኖሯል። ዘይቱ ከጓጉንቸሩ እየተንጠባጠበ በሩን እስከ ታች አጥቁሮታል። መጮህ አይችሉም፤ ከጮሁ ቁልፍ ነበረኝ ማለታቸው ነው። እማዬ በሩ ፊት ቆማ ያን ጥቁር መስመር ስታየው ቆየች። ትናንት ፊቷን ስትታጠብ የሣጥኗን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ፣ እኔ ፊት ተወችው።

የቀረኸኝ አንተ ነህ። ቁልፍህን ወረቀት ላይ አስተኝተህ ዙሪያውን በቀጭን እርሳስ ቅዳና በልብስ ሰፊዋ አድራሻ ላክልኝ። ጓጉንቸሩ እንዲቀየር የፈቀደ ሰው የማይከፍት ቁልፍ አያስቀምጥም፤ ከደብተሬ ጋር ከገጠመ እግርህ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ጠፋብኝ ካልከኝ፣ ወይም መጀመሪያ ለአጎታችን ደውለህ ከጠየቅክ፣ መልሱን አገኘሁ ማለት ነው።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ምንም አላስቀየመችኝም። የልጅቷን ሁለቱንም ጉንጮች ሳምልኝ። እማዬ እጅህን ከብርድ ጠብቅ ብላሃለች፤ ይህን ሁሉ እንደጻፍኩልህ አታውቅም። ልብስ ሰፊዋም ሰላም ብላሃለች፤ ስትመጣ ሱሪህን እንደምታሳጥርልህ አልረሳችም። ለአጎታችን ሰላምታ ካለህ በእኔ በኩል አትላከው።

በአንድ ሰዓት መቁረጥ እየቻለች፣ የአባቷን በር ቁልፍ እስካሁን ለራሷ ያልቆረጠች እህትህ

ከአባባ ግቢ
ሐሙስ፣ ጥር ፲፬ ቀን