ጸጥታ ስለሚያስከብረው የድምፅ ማጉያዎ

ለክቡር አቶ በድሉ፣
የረግረጉ ጥብቅ ስፍራ ዋና ኃላፊ፣
ወንዙ ሐይቁን በሚቀላቀልበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት፣ በተለይም የጉሮሮዎን ደህንነት እየተመኘሁ፣ ከልደታ፣ ጌጃ ሰፈር የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አባቴን አቶ ሚደቅሳን ይዤ ጥብቅ ስፍራዎን ጎብኝቼ ነበር። አባቴ ተወልደው ያደጉት እዚያው ወንዙ አፍ ላይ ነው። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ሲሆን፣ እሱም በልጅነታቸው እየሰሙት ይተኙ የነበረውን የጉማሬ ድምፅ ከመሞታቸው በፊት ደግመው መስማት ነው። ስለተደረገልን መስተንግዶ የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ።

1. በመመልከቻው ማማ ላይ ያሰቀሉት የድምፅ ማጉያ እጅግ ጥራት ያለው ነው። እንስሳቱ እንዳይረበሹ ጎብኚዎች ጸጥታ እንዲጠብቁ የሚያሳስበው የራስዎ ድምፅ ቀኑን ሙሉ ያለ ዕረፍት ስለሚያስተጋባ፣ ከመካከላችን የረበሸ ሰው አልነበረም። የሚረበሽ እንስሳም አላየንም።

2. ለጥቂት ጊዜ እንዲያጠፉልን የጥበቃ ሠራተኛዋን ወይዘሪት ሌንሳን ብንለምናቸው፣ ማጉያው ከተዘጋ ጎብኚው ሊንጫጫ እንደሚችል ጆሮዬ ሥር ተጠግተው በመጮህ አስረድተውኛል። ለማብራሪያው አመሰግናለሁ።

3. ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ይህ ከመሥሪያ ቤትዎ የተሰጠ አገልግሎት አለመሆኑን ብረዳም፣ ያገኘነው ብቸኛ አገልግሎት እሱ ስለሆነ ሳልጠቅሰው አላልፍም። አካባቢው ጭጭ ሲል አባቴ ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ ደንገሉ ዞሩ። ከደንገሉ ውስጥ ከባድ ትንፋሽ ተሰማ፣ ውሃው ተንቦጫረቀ፣ አባቴም እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ። ጉማሬው ገና ድምፁን ማሰማት ሲጀምር ጄኔሬተርዎ ተነሣና ጸጥታ እንድንጠብቅ በድጋሚ ታዘዝን። እንዲህ ያለ ቅልጥፍና በየትኛውም መሥሪያ ቤት አላየሁም። የአባቴ እጅ ከእጄ ሲላላ ግን አልቅሻለሁ፤ ይህን በትሕትና የምገልጽበት መንገድ አላገኘሁም።

ስለዚህ አንድ ማለዳ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ማጉያውን እንዲያስጠፉልን እለምናለሁ።

ለጸጥታ ሲሉ ዕረፍት ላጡት ለክቡርነትዎ ካለኝ የላቀ አክብሮት ጋር፣

ወይንሀረግ ሚደቅሳ
ከጌጃ ሰፈር

ማስታወሻ፦ ድምፁ የተቀዳ መሆኑን ለአባቴ አልነገርኳቸውም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ቆመው ሲጮኹ የዋሉት እርስዎ ራስዎ ይመስሏቸዋል፤ መብራት በጠፋ ጊዜም ውሃ ሊጠጡ የሄዱ መስሏቸዋል። መንገዱን ሙሉ ሲያዝኑልዎ ስለመጡ፣ ለጉሮሮዎ የሚሆን ዝንጅብልና ማር ከዚህ ደብዳቤ ጋር እንድልክልዎ አዘውኛል። ተሽሎዎት ዝም ሲሉ ተመልሰን እንመጣለን ብለዋል።