እማዬ ያንተን ሃይማኖት ስትማር

ውድ ወንድሜ፣

ስልክህን ስለማታነሳ ይህን በጓደኛህ በታክሲ ነጂው በኩል ልኬልሃለሁ። እባክህ አንብበህ ሳትጨርስ አትቅደደው።

እማዬ ራሷ በምታዋልድበት ሆስፒታል ተኝታለች። ደም ግፊቷ ጨምሮ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ብሏታል፤ አንደበቷም ተይዟል። ልትነግርህ ያሰበችውን እኔ ልንገርህ።

የሰለምክ ጊዜ ልብስህን ደጅ አውጥታ «ከዛሬ ጀምሮ ልጅ የለኝም» እንዳለችህ መቼም አትረሳውም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አታውቅም። በክርክር ልትረታህ ቆርጣ ተነሳች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እትዬ ዘንድ ሄዳ «የእናንተን ሃይማኖት አስተምሪኝ፤ የልጄን አፍ የማዘጋበት ነገር እፈልጋለሁ» አለቻት።

«ለክርክር ከሆነ የምሰፋው ልብስ አለብኝ። ለማወቅ ከሆነ ግን ቁጭ በይ» አለቻት እትዬ።

የእማዬን እልህ ታውቀው የለ? ቁጭ አለች። ከማዋለጃ ክፍል ስትወጣ በቀጥታ እዚያ ነበር የምትሄደው። መጀመሪያ ሰሞን እየተበሳጨች ትመለስ ነበር። እትዬም ጥያቄዋ ቢበዛባት የሰው እጅጌ ገልብጣ ሰፍታለች።

አንድ ቀን ግን ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። የማርያም ታሪክ በሙስሊሞች ዘንድ እንዴት እንደሚነገር ሰምታ መምጣቷ ነበር።

«ብቻዋን፣ ከዛፍ ሥር ስታምጥ ይተርኩልሻል» አለችኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሳዋልድ ኖሬ ስለ ምጧ እንዲህ አስቤ አላውቅም። እኔ የምወዳትን እነሱም ይወዷታል ማለት ነው። ታዲያ ልጄን ያባረርኩት ምን አድርጎኝ ነው?» ብላ ተንሰቀሰቀች።

ከዚያ ወዲህ የምትጠይቀው ልትረታህ አልነበረም። አክስታችን ስትቆጣት «እምነቴን አልለወጥኩም። የማላውቀውን መጥላት ነው የተውኩት» አለቻት። አክስታችን ግን «ከልጇ ባሰች» ብላ ለዘመድ ሁሉ አወራች። ይኸው ዛሬ የሚጠይቃት ዘመድ የለም። ከእኔ ጋር የምታስታምማት እትዬ ብቻ ናት።

የወደቀች ዕለት ወደ አንተ ልትመጣ ለባብሳ ነበር። «ሚስቱንም ይቅርታ እጠይቃታለሁ። አልከፍትም ቢለኝ እስኪከፍት ደጁ ላይ እቀመጣለሁ» እያለችኝ ነበር እግሯ የከዳት።

ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ «ሌላ ልጅ ካላት ጥሩት» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አንተም ይገባሃል። ወንድሜ፣ ጨንቆኛል። እኔ በእኔ እምነት፣ እትዬም በእሷ እንጸልያለን፤ ለውጥ ግን የለም። ሰው በገባ ቁጥር እማዬ በደህናው እጇ አንሶላውን ጨምድዳ ቀና ለማለት ትታገላለች። አንተ አለመሆንህን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

ይቅር በላት ብዬ አልጫንህም፤ እሱ ያንተ ነው። ተቆጥተህም ቢሆን ና። የበደለችህን ሁሉ ፊት ለፊቷ ንገራት። መልስ መስጠቱ ነው ያቃታት እንጂ ትሰማለች።

ይመጣል ብዬ ነግሬያታለሁ። እባክህ ውሸታም አታድርገኝ።

እህትህ