አየር ጤና ደርሻለሁ ያልኩሽ ቀን

ለብርቄ፣ ለወረፋ አለቃዬ፤

ከተለያየን ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ይህን ያህል ዝም ማለቴን በስንፍናዬ ብታሳብቢው አልፈርድብሽም፤ በትዳራችን ሙሉ ስትይው የኖርሽው ነው። የአሁኑ ግን ስንፍና አይደለም። ልነግርሽ የሚገባ አንድ ነገር አለ። እሱን ዘልዬ ሌላ ሌላውን ልጽፍልሽ ስል እጄ እምቢ ይለኛል።

ቢሆንም እንደ ልማዴ በዙሪያው ልዙርና በቤቱ ልጀምር። ያ ልብስ የምታጥቢበት ባኞ ተቀዶ፣ ሰብለ አፈር ሞልታ አበባ ተክላበታለች። ልጅሽ አይደለች፣ የሚጣል ዕቃ አታውቅም። ከፊታችን የነበሩት የጭቃ ቤቶች ፈርሰው ፎቅ ቆሞባቸዋል። ፀሐይ እኛ ቤት የምትገባው ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ሆኗል፤ እንደ ትልቅ ሹም። ጎረቤታችን ንዳ ሥጋ ቤቱን ለልጁ አስረክቦ ቀኑን ሙሉ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ይተርባል፤ እኔም አግዘዋለሁ። ጥርሴ አንድ ብቻ ቀርቷል ቢሉሽ እንዳታምኚ፣ ሦስት ናቸው።

ሄለንን ግን ብታያት! ያቺ የሳሙና ካርቶን ላይ ቆማ ጭልፋ ይዛ ትዘፍን የነበረችው የልጅ ልጅሽ ስሟ ወጥቷል። ከቤቴል አየር ጤና የሚመላለሰው ታክሲ ሁሉ የሚያሰማው እሷን ነው። እኔንማ መንገድ ላይ «የሄለን አያት» ይሉኛል። ድሮ አንቺን «የአኮርዲዮኑ ሚስት» ሲሉሽ ፊትሽ ለምን እንደሚጠቁር አሁን ገባኝ።

ባለፈው ሰኞ ከጓደኞቿ ጋር መጣች። ምርጫ እየደረሰ ነው። ስማቸው የታወቀ ዘፋኞችና ተጫዋቾች ባንድ አውቶቡስ ሆነው ከከተማ ከተማ እየዞሩ፣ ሕዝቡ ካርድ እንዲወስድና ወጥቶ እንዲመርጥ ሊዘፍኑ ነው። ሄለን «አባባ፣ አንተና አኮርዲዮንህ ከሌላችሁ ሙሉ አይሆንም» አለችኝ። ጓደኞቿማ ተነስተው እጅ ነሱኝ፤ «እርስዎ የመጀመሪያውን ጉዞ ያደረጉ ሰው ነዎት» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደረቴን ነፍቼ ስለ መጀመሪያው ጉዞ እስኪሰለቻቸው አወራላቸው ነበር። ያን ቀን ግን ዓይኔ ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው ባርኔጣዬ ሄደ። ላስብበት ብዬ ሸኘኋቸው። ከዚያ ወዲህ ሳስብ የከረምኩት አውቶቡሱን ሳይሆን አንቺን ነው።

ታስታውሻለሽ፣ ባለፈው ምርጫ እኔም እንዲህ ነበርኩ። በስተርጅና ተፈልጌ ስጠራ አሥር ዓመት የሚያንስ ሰው ሆንኩ። ከትልልቆቹ ዘፋኞች ኋላ ተቀምጬ አኮርዲዮኔን እስባለሁ፤ መሐል ላይ ተነስቼ ሰውን አስቃለሁ። ማንን ምረጡ አንልም ነበር፤ ውጡ ብቻ ነው የምንለው። ግን ያ ሁሉ ወጣት ከወጣ ነገሩ ይለወጣል ብለን በልባችን ቆርጠን ነበር። ያላማን አልነበረም። አንዱ ወገን የተገዙ ናቸው ይላል፤ ሌላው ደግሞ የተሸጡ። እኔም መድረክ ላይ ወጥቼ «ገዢዬን ያየ ካለ ይንገረኝ፣ ዕቃው አርጅቷል ብዬ ላስጠንቅቀው» ስል ሰው በሳቅ ይፈርሳል። ጭብጨባው አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ይኼው ነው ያጠፋኝ።

አንቺ በዕድሜሽ አንድም ጊዜ መርጠሽ አታውቂም ነበር። አንዴ አራስ ነበርሽ፣ አንዴ የእናትሽ ሐዘን ላይ ነበርሽ፣ አንዴ ደግሞ ሱቁን የሚጠብቅ ጠፋ። መንገዱ ሲሰፋ ያ የሳህንና የብርጭቆ ሱቅሽ ሲፈርስ አላለቀስሽም። «ማንም አልጠየቀኝም» ብቻ ነው ያልሽው። ምዝገባው ሲጀመር ደግሞ «እስቲ አንድ ቀን እንኳ ልጠየቅ» አልሽና መታወቂያሽን በፌስታል ጠቅልለሽ ተነሳሽ። የዚያኑ ለት ጠዋት ከሐዋሳ ደወልኩልሽ። ነገሬን ሁሉ በቀልድ የምጀምር ሰው ነኝና፣ «አብረን ተጋብተን ለብቻሽ ካርድ ልትወስጂ ነው? ያለኔ ከገባሽ እቀናለሁ፤ ስመለስ አብረን እንግባ» አልኩሽ። ብርቄ፣ ቀልዴ ነበር። አንቺ ግን ቃል አደረግሽው። ፌስታሉን ፈተሽ መታወቂያሽን ወደ ቦታው መለስሽ።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። እኛ ወልቂጤ ነበርን። በጠዋት ልንነሳ ተነጋግረን፣ በስድስት ሰዓት ቀራንዮ፣ ሰፈራችን እገኛለሁ ብዬሻለሁ። አንቺ ማልደሽ ሄደሽ ከቀበሌው አዳራሽ ደጅ በርጩማሽን አስቀመጥሽ፤ በርጩማው ላይ ደግሞ ባርኔጣዬን። ወረፋ በመያዝ ማን ይስተካከልሽ ነበር? ለዘይት ድንጋይ፣ ለውኃ ጀሪካን፣ ለኔ ባርኔጣ። ንዳ ከኋላሽ ሆኖ «ብርቄ፣ ይሄ ባርኔጣ ዕድሜው ለመምረጥ ደርሷል?» እያለ ሰልፈኛውን ያስቅ ነበር አሉ። «ከባለቤቱ ይልቅ እሱ ቁም ነገረኛ ነው» አልሽው አሉ። ጎበዝ!

ወልቂጤ ላይ ግን ሕዝቡ አልለቀቀንም። የአገሬ ሰው፣ የአክስቴ ልጆች ሳይቀሩ መጥተው፣ ስሜን እየጠሩ አንድ ጊዜ ድገሙልን አሉ። ደገምን። ሠለስን። አምስት ሰዓት ላይ ስትደውይ ቱሉ ቦሎን አልፈናል አልኩሽ። ስምንት ሰዓት ላይ ሰበታ ነን አልኩሽ። አሥር ሰዓት ላይ «አየር ጤና ደርሻለሁ፣ ታክሲ እየያዝኩ ነው» አልኩሽ። ይኼ የከተማችን ሰው ሁሉ የሚዋሸው ውሸት ነው፤ ከአልጋው ሳይወርድ ፌርማታ ነኝ የሚል ሰው አገር ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ አኮርዲዮኔ አንገቴ ላይ ነበር። አውቶቡሱ ሞተሩን እንኳ አላስነሳም ነበር።

አንቺ ተራሽ በሩ ላይ በደረሰ ቁጥር ከኋላሽ ያለውን ታሳልፊ ነበር። «እለፉ፣ ባለቤቴ አየር ጤና ደርሷል» እያልሽ። ነፍሰ ጡሯን አሳለፍሽ፣ ተማሪዎቹን አሳለፍሽ፣ ንዳን አሳለፍሽ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን መዝጋቢዎቹ መዝገባቸውን ከደኑ። በሩ ሲዘጋ ከሰልፉ የቀራችሁት አንቺና ባርኔጣዬ ነበራችሁ።

ስመጣ ቤት ነበርሽ። የሚሰደብ ስድብ ሁሉ አዘጋጅቼልሽ ነበር፤ እኔው ራሴን ልሰድብልሽ። አንቺ ግን ባርኔጣውን አቧራውን አራግፈሽ ሰጠሽኝና «ሲቆም ውሎ ደክሞታል፣ ጎኑን ያሳርፍ» አልሽኝ። በቃ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሳሽብኝም። እኔም ሳቅኩና አለፈ መሰለኝ። ብትሰድቢኝ ኖሮ ዛሬ ቀላል ነበር።

የምርጫው ቀን ሰፈሩ ሁሉ ጣቱን በቀለም አጥቅሶ ተመለሰ። እኔ ያን ሁሉ አገር ዞሬ ውጡ ስል የከረምኩ ሰው፣ ንጹሕ ጣቴን ይዤ እንዴት ከንዳ ፊት እቆማለሁ? በእስክሪብቶ ቀለም ጣቴን ቀባሁ። ላንቺም ልቀባልሽ እጅሽን ስይዘው ቀስ ብለሽ ሳብሽው። «ያልገባሁበትን ቤት ገባሁ አልልም» አልሽና እጅሽን ነጠላሽ ውስጥ ከተትሽ። ቀኑን ሙሉ አላወጣሽውም። ጎረቤት ሲመጣ እንኳ በግራሽ ነው የጨበጥሽው። እኔ ደግሞ ደጅ ወጥቼ የተቀባ ጣቴን ለሰው አሳያለሁ። አየሽ፣ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይቺ ናት።

የሚቀጥለው ምርጫ ላይ እናካክሰዋለን ብዬ ነበር በልቤ። ይህን ምርጫ ግን አልደረስሽበትም። በሽታው ምን ያህል እንደቸኮለ አንቺም ታውቂያለሽ።

ከዚያ በተዝካርሽ ለት ሰብለ አንድ ነገር ነገረችኝ። በዚያ የወረፋ ቀን መክሰስ ይዛልሽ መጥታ ኖሯል። አሥር ሰዓት ላይ ስልኩን ስትዘጊ «ታክሲ ያዘ?» ብላ ብትጠይቅሽ፣ ፈገግ ብለሽ «የምን ታክሲ፣ ጭብጨባው ይሰማኛል፤ መድረክ ላይ ነው» አልሻት። እንግዲያው ግቢና ተመዝገቢ ብትልሽ፣ «ትንሽ ልጠብቀው፤ ይህን ያህል ከተጨበጨበለት ስንት ዓመቱ ነው» አልሽ። ብርቄ፣ አውቀሽ ነበር። እያወቅሽ ነበር አየር ጤና ደርሷል እያልሽ ሰው ያሳለፍሽው። ውሸቴን ተሸክመሽ በዚያ ጉልበትሽ ቆመሽ ዋልሽ። ዘፋኞቹ በጉዞው ስንት ሰው እንዳስወጣን ሲከራከሩ እሰማለሁ። እኔ አላውቅም። የማውቀው ያስቀረሁትን ነው፤ አንቺን።

አሁን ወዳለፈው ረቡዕ ልምጣ። ልጆቹ በስልክ እንመዝግብህ ቢሉኝ እምቢ አልኩ። በጠዋት ተነስቼ ባርኔጣዬን ደፋሁና በርጩማሽን ይዤ ወጣሁ። አዳራሹ ደጅ ስደርስ በርጩማውን ከፊቴ አስቀምጬ ያቺን ሰማያዊ ሻርፕሽን አጥፌ አኖርኩበት። አንቺ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። አንድ ወጣት «አባባ፣ ይሄ የማን ቦታ ነው?» አለኝ። «የባለቤቴ ነው፤ አየር ጤና ደርሳለች» አልኩት። የማያውቁሽ ዝም ብለው ተጠጉ። ንዳ ግን ሰማኝ። ሊተርበኝ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ዘጋው። ንዳ አፉን ሲዘጋ አይቼ አላውቅም።

ተራችን በሩ ላይ ሲደርስ አልገባሁም። ከኋላዬ ያለችውን አሳለፍኩ። ቀጥሎ ያለውን አሳለፍኩ። እስቲ ምን እንደሚመስል ልየው ብዬ ነው። አምስት ሰዓት ላይ አንዴ ባንዱ፣ አንዴ በሌላው እግሬ መቆም ጀመርኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ወገቤን አላውቀውም። በርጩማው እፊቴ ነበር፤ አልተቀመጥኩበትም፣ ቦታሽ ነው። አንቺ እንደማልመጣ እያወቅሽ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆመሻል። እኔ አሥር ሰዓት ላይ ተሸነፍኩ። መዝጋቢዋ ልጅ ወጥታ «አባቴ፣ እመቤቲቱ አልደረሱም?» አለችኝ። አልደረሰችም፣ እኔ ነኝ ያዘገየኋት፣ አልኳትና ሻርፑን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ገባሁ። ካርዱን ተቀብዬ በሻርፕሽ ጠቅልዬው ወጣሁ።

ማታውኑ ለሄለን ደወልኩላት። እሄዳለሁ፣ ግን አውቶቡሱ ከመነሳቱ በፊት የሁሉንም ካርድ ልይ አልኳት። በማግስቱ ተሰብስበው ቤት ሲመጡ፣ ከነዚያ ስመ ጥሮች ሁሉ ካርድ የያዙት ሁለት ናቸው! የቀሩት ስንመለስ እንወስዳለን ይላሉ። ሄለን ራሷ የላትም። ቀልዴን ትቼ ተቆጣሁ፤ ስቆጣ አይተውኝ ስለማያውቁ መጀመሪያ ሳቁ። ባርኔጣዬን አውልቄ ስለ አንቺ ነገርኳቸው፤ አንዱንም ሳልደብቅ፣ የተቀባውን ጣቴን ሳይቀር። ሲያልቅ የሳቀ አልነበረም። ጉዞው በሁለት ቀን ተገፍቶ እያንዳንዱ በየሰፈሩ ወረፋ ይዟል። ሄለን በርጩማሽን ተውሳኝ ሄዳለች። ፎቶዋን የሚፈልጉ ልጆች ከበዋት ወረፋው ተበላሽቷል አሉ። እሱን እንግዲህ አንቺ ብትኖሪ ታስተካክይው ነበር።

ቅዳሜ እንነሳለን። አኮርዲዮኔን አስጠግኛለሁ። መድረክ ላይ ስወጣ እንደ ድሮው አስቃለሁ፤ እሱን ማቆም አልችልም፣ ባቆምም አንቺን ደስ አይልሽም። ግን ከዘፈኑ በፊት በየከተማው ያንቺን ወረፋ እነግራለሁ። ስምሽን፣ በርጩማሽን፣ ነጠላ ውስጥ የገባውን እጅሽን። ቤት የሚጠብቃችሁ ሰው ካለ መጀመሪያ ወደ እሱ ሂዱ እላቸዋለሁ። እስትንፋሴ እስካለ አንቺን ሳልጠራ አኮርዲዮኑን አልከፍትም። ይኼ ቀልድ አይደለም፤ ቃል ነው፣ አንቺ እንደምታውቂው ዓይነት። ሰብለ በደወለችልኝ ጊዜም ያለሁበትን እናገራለሁ። ወልቂጤ ከሆንኩ ወልቂጤ ነኝ እላለሁ።

እንግዲህ ያንቺን ጠባይ ስለማውቅ፣ እዚያም ቦታ ይዘሽልኝ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። ከያዝሽልኝ አንድ ነገር ልለምንሽ። ሰው ሲመጣ አሳልፊ፣ አትጨነቂ፤ አንቺ ግን በዚያ ጉልበትሽ አትቁሚ፣ ተቀመጪ። እኔ እመጣለሁ። ግን አየር ጤና አልደረስኩም፤ እውነቴን ነው ብርቄ፣ ገና ሰበታ ነኝ።

የባርኔጣው ባለቤት