ሰሙ የተንሳፈፈበት ምክንያት

ሐሙስ

ክቡር አቶ አያሌው፣ የልጄ የወለላ አማት፣ በደግነትዎ አገር የሚመሰክርልዎ፣ በትዕግሥትዎ እኔን የዕድሜ እኩያዎን የሚያሳፍሩኝ ሆይ፤ ልጅዎን መኳንንትን ዛሬ ቀብረን ከተመለስን በኋላ ለራሴ የጀመርሁት ይህ ማስታወሻ ሳላስበው ወደ እርስዎ ዞረብኝ።

ሰኞ ባልና ሚስቱ ከዘጌ ሲመለሱ ታንኳዋ ተገለበጠች። ዋና ሁለቱም አያውቁም። ልጄ በጀርባዋ ተንጋላ ውሃው ላይ ቆየች፤ ዓሣ አጥማጆች አነሷት። መኳንንት ግን ሰጠመ፤ የተገኘው ትናንት ነው። ይህን ያውቃሉ። የእኔን ጥፋት ግን ከእኔ አፍ ይስሙት። አልቃሿ ቆማ፣

«ሁለቱን አንድ ላይ ጣና ቢመዝናቸው፣
ሰሙ ተንሳፈፈ፣ ወርቁ ሰመጠባቸው»

ባለች ጊዜ፣ ዕድሜዬን በሙሉ ቅኔ ሳስተምር የኖርሁ እኔ፣ ጆሮዬ ከልቤ ቀድሞ የግጥሙን ውበት ስለ ሰማ፣ በጉባኤ ቤት እንደለመድሁት «ይበል!» አልሁ። ሰሙ ማን እንደሆነች የገባኝ ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው። ሴቶቹ ሁሉ ወደ ወለላ ዞሩ። ባለቤትዎ ወይዘሮ ጥሩአየሁ፣ «አባቷም መሰከረ! ልጄን ረግጣ ነው የተንሳፈፈችው! በሰልስቱ ደጄን እንዳትረግጥ!» አሉ።

እርስዎ ዝም አሉ።

ዓርብ

እህል አልቀመሰችም። «አባዬ፣ እኔ ለምን ተንሳፈፍሁ?» ትላለች።

ጧት ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሐይቁ ስትወርድ ደረስሁባት። «ጣና ሁለተኛ ይሞክረኝ» አለችኝ። እጇን ይዤ መለስኋት፤ በሩ ላይ ወንበር አድርጌ ተቀመጥሁ።

ጎረቤታችን መምህርት ዘሃራ፣ ፊዚክስ የምታስተምረው፣ የለቅሶውን ወሬ ሰምታ በውሃ የተሞላ የመስተዋት ሳህንና በላስቲክ የተጠቀለለ ሥጋ ይዛ መጣች።

«የኔታ፣ ጾም መሆኑን አውቃለሁ፤ ለዓይን ብቻ ነው። ሲያልቅ ይዤው እሄዳለሁ፣ አይጎምጁ።»

ቀዩን ጣለችው፤ ወደ ታች ወረደ። ጮማውን ጣለችው፤ ላይ ቀረ። ስብ ከውሃ ይቀላል፣ ጡንቻና አጥንት ይከብዳሉ፣ በሳንባ የተያዘ አየር ያነሣል አለች። መኳንንት በፋብሪካ ጭነት የጠነከረ፣ ከአጥንቱና ከጅማቱ በቀር ትርፍ ያልነበረው ጎልማሳ ነበር፤ ልጄ ደግሞ እንደ እናቷ ወፍራም ናት። ልጄን በሳህን ውሃ ውስጥ ማየት አስጠላኝ፤ ቢሆንም ዓይኔን አላነሣሁም።

«ወለላዬ፣» አለች ዘሃራ፣ «ማንንም አልረገጥሽም። ሰውነትሽ ነው ያነሣሽ።»

«ስሜን እየጠራ ነበር» አለች ወለላ።

ዘሃራና እኔ ተያየን። በጠራት ቁጥር ትንፋሹ ሲወጣ፣ በወጣ ቁጥርም ሲከብድ ታየኝ። ለእሷ አልነገርናትም። ለእርስዎ ብቻ ነው የጻፍሁት።

ከሰዓት በኋላ። ዘሃራ ከልጄ ጋር ቀረች፤ እኔ ባሏን ኑሩን ይዤ ራሴን ልፈትን ወደ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። በሸሚዝ ገባሁ፤ ውሃው ደረቴ ደረሰ።

«የኔታ፣ እባክዎ ይንሳፈፉልኝ» አለ ክንዴን ይዞ፣ «አለዚያ ሚስቴ እኔንም ታሰምጠኛለች።»

ከሲታ ገላዬን ይዤ ተንጋለልሁ። መጀመሪያ እግሬ፣ ቀጥሎ ደረቴ፣ ከዚያ አፍንጫዬ ገባ። ትንፋሼን ይዤ ደገምሁ፤ ያው ነው። ቦርጫሙ ኑሩ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ቢተኛ፣ ጣና እንደ ትራስ ተሸከመው። እያሳለኝ ቆምሁ። ታዲያ እኔን ማን ረገጠኝ?

ቅዳሜ ማለዳ

ሌሊቱን በሙሉ የአልቃሿ ግጥም አልለቀቀኝም። ሰም መቅለሉ፣ ወርቅም መክበዱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ውሃ ክብደትን እንጂ ዋጋን አይመዝንም፤ ይህን ለተማሪ የሚያስረዳ ሰው በገዛ ልጁ ባል ለቅሶ ላይ መሳቱ ምን ዓይነት ዕውቀት እንደሆነ አላውቅም። «ይበል» ያልሁትን ዛሬ በሰልስቱ በሕዝብ ፊት ተነሥቼ እሽረዋለሁ።

ወለላ ሁለት ጉርሻ በላች። ከዚያ እንደገና ወደ በሩ አየች። እኔ አሁንም ወንበሩ ላይ ነኝ፤ ዛሬ እንደ ትናንት የምይዝበት ጉልበት እንዳለኝ እጠራጠራለሁ። ይህን ወረቀት ኑሩ ያደርስልዎታል።

አቶ አያሌው፣ ዛሬ በስድስት ሰዓት ልጄን ይዤ እመጣለሁ፤ እርስዎ ራስዎ በሩ ላይ ቆመው ያስገቧት።