ለሚዛን የጾምኩት ጽጌ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4/1989፣ ጠዋት 1፡30
ቁርሱ አልተነካም። ታናሽ እህቴ ሜሮን ጽጌን ልጾም ነው አለች። ግዴታ ያልሆነውን ጾም! እማዬ ደስታዋን አልቻለችውም፤ እንደ እህቷ ሆነችልኝ ብላ መረቀቻት። እህቷ እኔ ነኝ። ሻዩ ትን አለኝ። ሜሮን በሚቀጥለው ሳምንት ለሆስተስነት ትመዘናለች። ታክሲው ሊያመልጠኝ ነው፣ ቻው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7፣ መ/ቤት፣ ምሳ ሰዓት
አሁን ከምሠራበት የአየር መንገዱ ካርጎ ቢሮ መስኮት ሆስተሶቹ ሻንጣ እየጎተቱ ሲያልፉ አየሁ። ምን ልዋሽሽ ማስታወሻዬ፣ ናፈቀኝ። ሆስተስ ሳለሁ በየጊዜው ክብደታችን ይለካ ነበር፤ እኔና ሰብለ፣ የሥልጠና ጓደኛዬ፣ ሚዛኑ ላይ ከመውጣታችን በፊት ጫማ፣ ሰዓት፣ ጉትቻ፣ የፀጉር ሽቦ ሳይቀር እናወልቅ ነበር። ቅንድቤንም ልላጨው እንዴ ትለኛለች። ካለፍን በቀጥታ ቦሌ መንገድ፣ ኬክ ቤት። ክሬሙ አፍንጫችን ላይ። ያ ሳቅ! ቤት ስገባ ደግሞ ጿሚ ነኝ።

አንድ ቀን ቤት ውስጥ ማንም ሳይኖር የሳምንቱን ዳቦ ቆሜ ጨረስኩት። ማቆም አቃተኝ። በማግስቱ ለቅጣት እህል አልቀመስኩም። እማዬ ጾሙ ጠናባት ብላ አለቀሰችልኝ። እንዲህ እያልኩ ስንት ዓመት! ጎረቤቱ ሁሉ መንፈሳዊ ይለኝ ነበር።

እሁድ፣ ጥቅምት 10፣ ከሰዓት
አንሶላ ልቀይር የሜሮንን ፍራሽ ሳነሳ፦ የዳቦ ፌስታል፣ የብስኩት ላስቲክ፣ በሥርዓት የተጣጠፈ። እኔም እዚያው ነበር የምደብቀው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ስጠይቃት መጀመሪያ ካደች። ቀጥላ፣ አንቺስ በዚሁ አይደል ያለፍሽው? አለችኝ። ለካ ልጅ ሆና ታየኝ ነበር! እማዬ እንዳትሰማ ለመነችኝ። ማልኩላት። ምን ነካኝ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12፣ ጠዋት 1፡00
ሚዛኑ ነገ ነው። ሜሮን ትናንት ደጃፉ ላይ ዓይኗ ጨለመባት፤ ግድግዳ ይዛ ቆመች። እማዬ ግን ለነፍስ አባታችን ሁለቱም ልጆቼ ጽጌ ጿሚ ናቸው ብላ ነግራለች። እናቴ ከዚህ ሌላ የምትኮራበት ምን አላት? እሱን ልነጥቃት ነው። ፈራሁ።

እንቁላል ጠብሻለሁ፣ ሁለት ሳህን። ሜሮን ተቀምጣ ታለቅሳለች፣ መሐላሽን አፈረስሽ እያለች። አፍርሻለሁ። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ፊቷ እጎርሳለሁ። ከዚያ እነግራታለሁ፦ እማዬ፣ የኔ ጾም ለእመቤታችን አልነበረም። ለሚዛን ነበር።

የውጭው በር ተከፈተ። ነጠላዋን እያወለቀች ማን ነው በጾም እንቁላል የሚጠብሰው እያለች…